እሳት ሲነድ የሚመጡት ድምፆች

ሚዛን ተፈሪ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህ ዝናቡን እንዴት ቻለው? ባየ ሚኒባሱን ከሱቄ ፊት አቁሞ ወረቀትህን በመስኮት ሲያቀብለኝ፣ «አንቺ ስልክ ሠሪ! አባትሽ ስልክ እያላቸው ምን ያጽፋቸዋል?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ።

የጠየቅከኝን ሁሉ ልመልስ። አዎ፣ ምሳ እበላለሁ። አዎ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልቀርም፤ ኳየሩን ግን ለጊዜው ትቼዋለሁ፣ ጉሮሮዬን እያመመኝ። አልከሳሁም፤ ማን ነው ከሳች ያለህ? አዲሱም ደኅና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ሊጽፍልህ ነበር። ባለቤቴ እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ብዕር ሲይዝ ይከብደዋል። ሰላም ብሎሃል።

ይልቅ ስልክህ አሳስቦኛል። ጠዋት ስደውል አጠገቤ የተቀመጥክ ያህል ጥርት ትላለህ። ማታ ግን «ሄሎ ሩሕዬ» ትልና ሁለተኛውን ቃል ሳትጨርስ ትሸሻለህ። ወንዝ እየተሻገረ እንደሚያወራ ሰው ትሆናለህ። ከዚያ ጭራሽ የለህም። እማዬ ካረፈች ወዲህ አንተን እዚያ ቡና ውስጥ ብቻህን ትቼ እንቅልፍ የሚወስደኝ «ደኅና እደሪ» ስትለኝ ነው። የሞባይል ኔትወርክ እናንተ ጋ አይገባም፤ ጉብታው ላይ ውጣና ፈልገው እንዳልልህ ጉልበትህ አለ። ይህን ገመድ አልባ ስልክ አንዱን ሱቄ፣ ሌላውን አንተ ቤት ተክዬ፣ ቀርከሃ ጫፍ ላይ አንቴና የሰቀልኩት ለዚሁ አይደለም?

የት ነው ያስቀመጥከው? እርጥበት እንዳይነካው ብዬህ ነበር። ለማንኛውም ለባየ ስጥልኝና ልየው።

ልጅህ ሩሐማ


ሸኮ ገጠር፣ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሩሐማ፣

ጌታ ይባርክሽ። እኔ ከጉልበቴ በላይ ደኅና ነኝ፤ ከዚያ በታች ያለውን ተዪው።

ስልኩ ምንም አልሆነም። አትልፊ። ማታ ማታ የሚሸሸው ደመናው ይሆናል። እርጥበት ላልሽው ደግሞ ሐሳብ አይግባሽ። በዚህ አገር እርጥበት የማይደርስበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ነው። አባቴ ዘር በቆሎውን የሚሰቅሉት እዚያ ነበር፤ እኔም ስልኩን እዚያው ከበቆሎው ጎን ሰቅዬዋለሁ። ሰኔ ላይ ሰቀልኩት፣ ይኸው አንድ ቀን ሻጋታ አልነካውም። ጭሱ ነቀዝ እንኳ አያስገባበትም።

ምን አዲስ ነገር አለ ላልሽኝ፣ የታችኛው ቡና ቀልቷል፣ የላይኛው ገና ነው። ጦጣ ከእኔ ቀድማ ትለቅማለች፤ ቢያንስ የበሰለውን መርጣ ስለሆነ የምትበላ፣ የት የት እንደደረሰ በእሷ አውቃለሁ። ጎረቤታችን ምሕረት መንታ ወለደች። አንዱን ሙሴ ልትለው አስባ ባሏ «ለሕፃን የሽማግሌ ስም!» ብሎ እምቢ አለ አሉ። ሄጄ ልቆጣው ነበር፣ ዝናቡ አዳነው። እሸት ቡና የምትቀበለው ለተብርሃን ደግሞ ጥርሷን ተነቅላ በአጥሚት ሰነበተች። አፏ አብጦ እንኳ ሚዛን ካለችው ከትሁት ጋር መጨቃጨቅ አልተወችም፤ ቃሉ ግማሹ በአፍንጫዋ ነበር የሚወጣው። ብቻዬን ሳቅሁ።

አዲሱን ሰላም በይልኝ። ሲመቸው ይጻፍልኝ።

አባትሽ ሙሴ


ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ስልክ በቆሎ አይደለም!

ይህን ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ጮኼ ነው የተናገርኩት፤ ካርድ ሊገዛ የገባ ሰውዬ ደንግጦ ወጣ።

ተቆጣች እንዳትለኝ ላስረዳህ። ስልክህ ሆድ ውስጥ ክሪስታል የምትባል፣ የቡና ፍሬ የማታክል ድንጋይ አለች። ሥራዋ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ ልክ። ድምፅህን ተሸክሞ የሚሄደውን ሞገድ የሚሠራው ክፍል ግን ጥጃ ነው። ከለቀቁት ያሻው ማሳ ይገባል። ስለዚህ እንደ ካስማ ድንጋይቱ ላይ እናስረዋለን። መሣሪያው የጥጃውን አረማመድ ከድንጋይቱ ጋር እያስተያየ፣ ሲፈጥን ይይዘዋል፣ ሲዘገይ ይነዳዋል። ቻናል መምረጥ ማለት የገመዱን ርዝመት መወሰን ነው፤ ካስማው ያው፣ ገመዱ ግን ሲረዝም ሌላ ቦታ፣ ሲያጥር ሌላ ቦታ ጥጃው ይግጣል። የአንተና የእኔ ቻናል ሦስት ቁጥር ነው።

አንተ ግን ካስማውን ምድጃ ላይ ሰቀልክብኝ! ድንጋይቱ ስትሞቅ ልኳን ትስታለች፤ ጭስ የገባበት ገመድም ይላላል። ማታ እሳት ስታነድ ጥጃው አጥር ዘሎ የሰው ማሳ ይገባል፤ እኔ «አባዬ! አባዬ!» እያልኩ ባዶ ማሳ ላይ እቀራለሁ።

ሌላም ነገር አለ። የለተብርሃንን ጥርስ ከየት ሰማህ? እሷ ያለችው ታች፣ አስፋልቱ ዳር ነው። አንተ ዝናብ ከገባ ወዲህ እዚያ አልወረድክም። ትሁት ደግሞ እዚሁ ሚዛን፣ ከእኔ ሱቅ ጥቂት በር አለፍ ብሎ ቡና መጋዘን ውስጥ ናት። የሁለቱንም ስልክ የተከልኩት እኔ ነኝ። አራት ቁጥር ላይ ነው ያደረግኳቸው፤ ከአንተ ቀጥሎ ያለው ማሳ።

ባየ ሐሙስ በእናንተ በኩል ያልፋል። ስጠው። አዲሱ አሁን እዚህ የለም፤ ሲመጣ ሰላምታህን እነግረዋለሁ። እሱም ሰላም ብሎሃል።

ሩሐማ


ሸኮ ገጠር፣ ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩሕዬ፣

ስልኩን ለባየ ሰጥቻለሁ። በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ ጋቢውን በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ፣ ቅጠሉን አስሬ። «ምንድን ነው ይኼ፣ ሕፃን ነው እንዴ?» አለኝ። «ከሕፃን ይበልጣል፣ በእቅፍህ ያዘው» አልኩት። መንገዱን ሙሉ ጭኑ ላይ አድርጎ እንደሚነዳ ምሎልኛል፤ ካመንሽው።

የጥጃው ነገር ገብቶኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር በጥጃ የተብራራ ትምህርት ጠፍቶብኝ አያውቅም። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ፤ ብዙ አታጥብቂው። ጥጃ አልፎ አልፎ የጎረቤት ማሳ ገብቶ ቢወጣ ምን ይሆናል? ምንም ካላበላሸ?

የለተብርሃን ጥርስ ላልሽው፣ ሰው ያወራል፣ ሰውም ይሰማል። ምን አዲስ ነገር አለው?

ከስልኩ ጋር ማር ልኬልሻለሁ። ጥቂት ናት፤ ለአንድ ሰው ትበቃለች። ማታ ሱቁን ዘግተሽ ቤት ውስጥ ብቻሽን አትቀመጪ። ኳየሩ ይሻልሻል፤ ጉሮሮ የሚድነው በዝማሬ ነው። ጋቢዬን መልሺልኝ፣ ብርዱ ገብቷል።

አባትሽ ሙሴ


ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ስልክህ ድኗል፤ ጋቢህም ታጥቧል። ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ክፍሉን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ነው።

ክዳኑን ስከፍተው የቤታችን ጭስ ሱቁን ሞላው። እማዬ ከጓዳ «ማን ነው የመጣው?» የምትል መሰለኝ።

ድንጋይቱን አውጥቼ፣ ሲሞቅም ሲበርድም ራሷን በምታርም ዓይነት ተክቻታለሁ። የላላውንም ክፍል ቀይሬዋለሁ። ለመሞከር ጎረቤቴ ሳባ ጸጉር ቤት ወሰድኩትና ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀመጥኩት። ሳባ «ፓፒሎት ላድርግለት ወይስ ደረቁን ነው?» ብላ ሴቶቹን አሳቀቻቸው። ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ለቀቅንበት፤ ከቻናሉ ንቅንቅ አላለም። አሁን ብትቀቅለው እንኳ ከሦስት አይወጣም። የቻናል መምረጫዋን ክብ ቁልፍ እንደ ድሮው በማስቲሽ አሽጌያታለሁ፤ ሳታውቀው እንዳታዞራት ብዬ። ብቻ ቆጥ ላይ አትስቀለው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ያለፈውን ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ባየን አንሥተሃል፣ ጥጃውን አንሥተሃል፣ ጋቢህን ሳይቀር አንሥተሃል። አዲሱን ግን ሰላም አላልከውም። ከተጋባን ጀምሮ ረስተህ አታውቅም። ማሩንም ለአንድ ሰው ትበቃለች አልክ።

ምን ማለትህ ነው? ምናልባት ቸኩለህ ይሆናል። እሱ ደኅና ነው። ሰላም ብሎሃል።

ሩሐማ


ሸኮ ገጠር፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይቅር በዪኝ። በባየ የላክሽውን ብጣሽ ወረቀት ሁሉ አንብቤዋለሁ። ማታ ማታ ስልኩ ሲጮህም እሰማለሁ። «እንደገና ተበላሸ ወይ?» ላልሽው፣ አልተበላሸም። ደኅና ስለሆነ ነው የማላነሣው።

እንዲህ ነው ነገሩ። ሰኔ ላይ፣ ስልኩን ቆጥ ላይ በሰቀልኩ ሰሞን፣ እሳቱ ሞቅ ብሎ ሳለ ላንቺ ልደውል አነሣሁት። አንቺ የለሽም፤ ሁለት ሴቶች አሉ። ልዘጋው ነበር፤ የሰው ጨዋታ መስማት ነውር መሆኑን ለስንቱ ተማሪ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ግን አንዷ ወጧን አሳርራ ለአማቷ ምን ብላ እንዳቀረበችው እያወራች ነበርና፣ መጨረሻውን ልስማ ብዬ ቆየሁ። በማግስቱም እሳት አነደድኩ። እንደገና መጡ። እሳቱ ሲከስም ይሄዳሉ፣ ሲነድ ይመጣሉ። ትሁት ጎላ ብላ፣ ለተብርሃን ከሩቅ። መጀመሪያ ቡናውን ይነጋገራሉ፤ ስንት ገባ፣ ማን እርጥብ አመጣ። ከዚያ ዓለምን ሁሉ ያዳርሳሉ። ሲበቃቸው «ደኅና እደሪ» ይባባላሉ። እኔም በልቤ «አሜን፣ እናንተም» እላለሁ። እናትሽ ከሄደች ወዲህ በዚህ ቤት የሴት ሳቅ አልተሰማም ነበር። የክረምቱን እንጨት የጨረስኩት በብርድ አይደለም።

ታዲያ ነሐሴ ላይ ትሁት፣ «ያቺን ስልክ ሠሪዋን ሩሐማን ታውቂያት የለ? ባሏ እኮ ጓዙን አይሱዙ ላይ ጭኖ ቱም ከተማ ገባ» አለች።

«ለሥራ ነው?» አለች ለተብርሃን።

«ምን ሥራ! እዚያ ሌላ ቤት መሥርቷል።»

«ውይ! እሷስ?»

«እሷማ ሱቋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ለሰው ደኅና ነኝ ትላለች። ግን ብታያት ከስታለች።»

እሳቱ ላይ ውኃ ደፋሁበት።

ከዚያ ወዲህ አንቺ «ሰላም ብሎሃል» ትያለሽ፣ እኔ «ሰላም በይልኝ» እላለሁ። ተቀባይ የሌለው ሰላምታ ስንላላክ ክረምቱ አለፈ። ጥቅምት ላይ እጄ እምቢ አለኝ። ቸኩዬ አልነበረም።

ስልኩን ልልክልሽ ያልፈለግሁት ለዚህ ነው ሩሕዬ። ስለ ልጄ እውነቱን የሚነግረኝ የተበላሸው ስልክ ብቻ ነበር። አሁን ጠገንሽው። ባነድም ማንም አይመጣም። ሳነሣው ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺም «አዲሱ ደኅና ነው» ትይኛለሽ። ይህንን በዚህ በጠራ ድምፅ መስማት አቃተኝ።

አባትሽ


ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው፣ ስቀደው ሰነበትኩ። ከላይ የሚጻፈው «እንደምን ነህ» እንኳ ውሸት ውሸት አለኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ሱቄን ሳልዘጋ መጋዘኑ ሄጄ ትሁትን ሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «ጉዴን ለአባቴ አወራሽለት!» አልኳት። ግራ ገብቷት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ቀስ ብዬ ሳስረዳት ዓይኗ ፈጠጠ።

«እንዴ ሩሐማ፣ የሚያስሉት ሰውዬ አባትሽ ናቸው?»

ለካ አንተ ስልኩን ስታነሣ ያንተም ድምፅ እነሱ ጋ ይገባ ኖሯል። ክረምቱን ሙሉ በጨዋታቸው መሐል አንድ ሽማግሌ ሲያስል ይሰማሉ። መጀመሪያ ለተብርሃን ፈርታ ልትጸልይበት ነበር። ኋላ ለመዱህና ስም አወጡልህ፤ «የማታው አባባ»። ሳልህ ሲበዛ «ዛሬ ብርድ መትቷቸዋል» ይባባሉ ነበር። ጥቅምት ላይ ድንገት ሲጠፋባቸው ለተብርሃን «አረፉ መሰለኝ» ብላ አለቀሰች አሉ፤ ማን እንደሆንክ እንኳ ሳታውቅ። ትሁት ደግሞ፣ «አባትሽ መሆናቸውን ባውቅ ያንን ነገር ሞቼ አልናገርም» እያለች ትምላለች። ልጣላት ሄጄ፣ ጆንያው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከነሐሴ ወዲህ ከሰው ጎን እንዲያ ተቀምጬ አላውቅም።

ስለ አዲሱ በወረቀት አልጽፍልህም። ለምን እንደደበቅኩህ ግን ልንገርህ። ብታውቅ ቡናህን ጥለህ፣ የእማዬን መቃብር ጥለህ፣ በዚያ ጉልበትህ ሚዛን ትመጣ ነበር። ሱቄ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ የሚያልፈውን ባጃጅ ስታይ ስትውል ታየኝ። ብቻውን የሚሆን አንድ ሰው ይበቃል፣ እሱም እኔ ልሁን አልኩ። አንተ እዚያ ምን ያህል ብቻህን እንደሆንክ አላሰብኩትም። ጥርት አድርጌ ብጠግነው የምደርስልህ መስሎኝ፣ የነበሩህንም ሰዎች አጠፋሁብህ።

አሁን ቢላዋ አምጣ። በስልኩ ጎን ያለችውን ክብ ቁልፍ ፈልግና ማስቲሹን ፋቅላት። አትፍራ፣ ድንጋይቱን አትነካትም፤ አዲሷ ድንጋይ እንደሆነች አትስትም። የገመዱን ርዝመት የምትመርጠው ግን ከእንግዲህ አንተ ነህ። ወደ አራት ስታዞራት ትሁትና ለተብርሃን አሉ። ፈቅደውልሃል። «ብቻ ሲገቡ ይሳሉልን፣ ምላሳችንን እንድንሰበስብ» ብለዋል። ወደ ሦስት ስትመልሳት እኔ ነኝ። እዚያ ከእኔ በቀር ማንም የለም፤ እሳት ነደደ አልነደደ።

ቅዳሜ ማታ ከኳየር ስመለስ እደውላለሁ። አዎ፣ ተመልሻለሁ። ሦስት ቁጥር ላይ አድርገህ ጠብቀኝ። ልናገረው እችል እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከዚህ ቤት ሰላም የምልህ እኔ ብቻ ነኝ።

ሩሐማ


ሸኮ ገጠር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሩሐማ፣

ማስቲሹን በቡና መግረዣው ቢላዋ ፋቅሁት። ዓርብ ለሙከራ ወደ አራት አዞርኳት። ሁለቱ እያወሩ ነው። ልሳል አልኩ፤ ሲፈልጉት አይመጣም፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያውክ ተማሪ አስመስዬ ሳልኩ።

«ትሁት! አሉ! የማታው አባባ አሉ!» ብላ ለተብርሃን ጮኸች። «እርስዎ ሰውዬ፣ እንዴት ጨከኑብን? እኛ እኮ ቀብረን ሠልስትዎን አውጥተናል!»

«ጥርስሽ ተሻለሽ?» አልኳት።

ከዚያ «ያንንም ሰምተዋል ማለት ነው!» ብለው ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ለተብርሃን ለሳሌ ኮረሪማ በማር አዘዘችልኝ። እንደ ድሮው ግን አይደለም። አሁን ሽማግሌ ፊት እንደተቀመጠ ሰው ተጠንቅቀው ነው ያወሩት፤ ስለ ወጥ ማረር የተነሣ ነገር የለም። ቢሆንም ሲጨርሱ «ደኅና ይደሩ አባባ» አሉኝ። እኔም አሁን ጮክ ብዬ መለስኩላቸው።

የትናንቱን እዚህ አልጽፈውም። ወረቀት በባየ እጅ ያልፋል፤ ባየም ማንበብ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ልመልስልሽ። መሐል ላይ «አባዬ፣ አለህ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ዝም ስትዪ ጥጃው የወጣ መስሎኝ ደንግጬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። አልወጣም፤ ትንፋሽሽ ነበር። ከዚያ አለቀስሽ። ያልመለስኩልሽ ምን እንደሚባል ባላውቅ ነው። ጠፍቼ አልነበረም። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ይህን እንድታውቂ ነው ዛሬውኑ የምጽፍልሽ።

ቡናው ከማድረቂያው አልጋ ሲነሣ ነዪ። ከማሩ አስቀርቻለሁ፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። እስከዚያ ኳየሩን እንዳትተዪ።

ደግሞ ልንገርሽ፣ ትናንት ብርድ ስለነበር ምድጃው እየነደደ ነበር። ስልኩን ይዤ ቆጡ ሥር ተቀመጥኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ። እሳቱ ነዶ ነዶ ከሰመ። አንቺ እስክትጨርሺ ማንም አልመጣብንም።

አባትሽ ሙሴ